የሚንጠባጠበው ቧንቧ የማን ነው?

ይህን የርእሰ አንቀጽ ዐምድ ለቧንቧ ጉዳይ መስጠታችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። «የተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ስለ ትምህርት ደረጃ፥ ስለ ሀገር ዕድገት፥ ስለ ወጣቱ ኃላፊነት ይጻፍ እንጂ ስለ ጎማ ቀለበትና ስለ መጸዳጃ ቤት ሣጥን ምን አገባው?» የሚል ወዳጅ አናጣም። መልሳችን አጭር ነው። በሦስተኛው ፎቅ የምትኖር እኅታችን ጠዋት ፊቷን ለመታጠብ ከምድር ቤት ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ፥ በዚያው በምድር ቤት ሁለት ቧንቧዎች ማንም ሳይነካቸው ሲፈሱ አድረው ከሆነ፥ ስለ ኃላፊነት ልንጽፈው ያሰብነው ሌላው ነገር ሁሉ ለጊዜው ይቆየን።

ነገሩን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ማየት ይሻላል። ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ኩባያና አንድ የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። ጠብ ጠብ ከሚል ቧንቧ ሥር ኩባያውን አስቀምጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልከቱት። ግማሽ ሊትር ቢገኝበት፥ ያ ቧንቧ በቀን 12 ሊትር፥ በ30 ቀን 360 ሊትር ያፈሳል ማለት ነው፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 18 ጊዜ ሞልቶ እንደ መድፋት ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢተው 4,380 ሊትር ይደርሳል። የመጸዳጃ ቤቱ የውኃ ሣጥን ግን ከዚህ የባሰ ነው። በታችኛው መድፈኛ ጎማ በኩል በደቂቃ ሩብ ሊትር ብቻ ቢያሾልክ፥ በሰዓት 15 ሊትር፥ በቀን 360 ሊትር ይሆናል። ቧንቧው በወር ያባከነውን ሣጥኑ በአንድ ቀን ጨረሰው። ቧንቧው ቢያንስ ጠብ ሲል ይሰማል፥ እንቅልፍም ይነሣል፤ ሣጥኑ ግን እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው። የሚጠረጥር ሰው ቢኖር የቀዘቀዘ ቡና ወይም ጥቂት የምግብ ቀለም ሣጥኑ ውስጥ ጨምሮ፥ ውኃውን ሳይለቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ቀለሙ ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ከታየ፥ ጎማው አርጅቷል ወይም ቦታውን ስቷል።

ይህ የሚፈሰው ውኃ ከየት እንደ መጣ ለአፍታ እናስብ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሕዝቡ ከምንጭና ከወንዝ ይቀዳ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ ሲያወርድ ነገሩ ለከተማው ሰው ታላቅ መደነቂያ ሆኖ ነበር። ዛሬ ከተማው በምዕራብ ከገፈርሳ፥ በምሥራቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ከተፈጸመው ከለገዳዲና በ1999 ከተጨመረው ከድሬ ግድብ፥ በደቡብም ከአቃቂ ጥልቅ ጕድጓዶች ይጠጣል። የግድቡ ውኃ በመድኃኒት ተጣርቶና ክሎሪን ገብቶበት ይመጣል። የአቃቂው ደግሞ ከከተማው መኻል ዝቅ ካለ ሥፍራ ስለሚወጣ በመብራት ኃይል እየተገፋ ሽቅብ መውጣት አለበት። እንግዲህ ከእኛ ማደሪያ ቧንቧ የምትንጠባጠበው ጠብታ ተጣርታ፥ ታክማ፥ ተገፍታ፥ ቆጣሪ አልፋ የመጣች ናት። መጨረሻዋ ግን ከጽዳት ባልዲ ሳትደርስ ቀጥታ ወደ ፍሳሽ ጕድጓድ ሆነ።

ቧንቧ ለምን ያፈሳል? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከአንድ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የጎማ ቀለበት ነው። ይህ ጎማ መዝጊያው ሲጠብቅ ከናሱ መቀመጫ ጋር ተጋጥሞ ውኃውን ያግዳል። እኛ ግን ገና ጠብ ማለት ሲጀምር ጎማውን እንደ መለወጥ በሙሉ ጕልበታችን እናጠብቀዋለን። በዚህ ጊዜ ጎማው ይጨፈለቃል፥ መቀመጫውም ይቦረቦራል፤ ነገ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከዛሬው የበለጠ ማጥበቅ አለበት። በመጨረሻ መዝጊያው ራሱ ተሰብሮ እጅ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፌስታል ይጠቀለልበታል፥ በገመድ ይታሰራል፥ አንዳንዱም የካልሲ ቁራጭ ያስርበታል። በአንድ የመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከስድስቱ ቧንቧ ሦስቱ እንደ ቍስለኛ ታስረው ማየት የተለመደ ነው። የታሰረው ፌስታል ውኃውን አላቆመውም፤ ድምፁን ብቻ አፈነው። ጠብታው እንዳይሰማን አደረግን እንጂ እንዳይፈስ አላደረግንም።

ሁለተኛው የጥፋት መንገድ ከፈረቃው ጋር የተያያዘ ነው። በከተማችን ውኃ በየቀኑ በሁሉም ሠፈር አይመጣም። ይህ የታወቀ ነው፥ ምክንያቱን መተንተንም የዚህ ዐምድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ውኃ የሌለበት ቀን ከውኃው ቀን የበለጠ ጥፋት የሚያደርስበት ጊዜ መኖሩን ብዙ ሰው አያስተውልም። አንዱ ወንድማችን ቀን መጥቶ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ሁለተኛውን ይሞክራል፤ ያውም ባዶ ነው። ተናዶ ሁለቱንም እንደ ተከፈቱ ትቷቸው ይሄዳል። ውኃው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። የመታጠቢያው ማፍሰሻ በሳሙና ቁራጭ ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ፥ ጎሕ ሲቀድ ኮሪደሩ ኩሬ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ሴሚስተር በአንደኛው ማደሪያ ሕንፃ የሆነው ይኸው ነው። በምድር ቤት ያሉ ልጆች ፍራሻቸውን በአጥር ላይ አሰጥተው ሁለት ሌሊት በጓደኛ አልጋ አደሩ፤ በካርቶን ውስጥ አልጋ ሥር የነበረ የአንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ማስታወሻ ሁሉ አብጦ ገጹ ከገጹ ተጣበቀ። ውኃውን የጠረጉት ግን ጥፋቱን ያደረሰው ልጅ ሳይሆን ገና ሳይነጋ የመጡት የጽዳት ሠራተኞች እናቶቻችን ናቸው። (ያለፈው እትማችንም በዐሥር ቀን የዘገየው የወረቀት ሳጥናችን ከሚያፈስ ቧንቧ ሥር ተቀምጦ ስለ ነበር መሆኑን አብረን እናስታውቃለን። የረጠበ ወረቀት በማባዣው ላይ አያልፍም።)

ስለዚህ አንደኛው ደንብ ይህ ይሁን፤ ባዶ ቧንቧ የከፈተ ባዶውን ቧንቧ ይዝጋ።

ሌሊት ቧንቧ የሚፈነዳበትም ምክንያት አለው። ቀን ከተማው ሁሉ ሲቀዳ የመስመሩ ግፊት ይቀንሳል። ሌሊት ሰዉ ሲተኛ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቀን በዝግታ ያለቀሰ መጋጠሚያ ሌሊት ይበረገዳል። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው ዐሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። እንግዲህ በአምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ምድር ቤት ባለው ቧንቧ ላይ አንድ ባር ተኩል ያህል ሌሊትና ቀን ይጫናል። በዚህ ላይ ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ የተጠራቀመውን አየር እየገፋ ነው የሚመጣው። ያ የምንሰማው መንቀጥቀጥና «ጓ!» የሚል ድምፅ የአየሩና በድንገት የሚቆመው የውኃው ምት ነው። በተለይ በአንድ ምት የሚዘጉት ዘመናዊ ባለ እጀታ ቧንቧዎች ይህን ምት ያበዙታል። መድኃኒቱ ዋጋ አያስከፍልም፤ ውኃ በተመለሰ ጊዜ ዋናውን ቫልቭ በዝግታ መክፈት፥ ዝቅ ካለው ቧንቧ አየሩንና ድፍርሱን ጥቂት ማስወጣት፥ ከዚያም ቀስ ብሎ መዝጋት ነው።

የጤናው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። ብዙ ሰው የሚያፈስ ቧንቧ ውኃ የሚወጣበት ብቻ ይመስለዋል። ውኃ በመስመሩ ሲኖር እውነት ነው፥ ወደ ውጭ ይፈሳል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግን ግፊቱ ይወድቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ቧንቧው ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያች ሰዓት ስንጥቁ በጭቃ ወይም በፍሳሽ ውስጥ ከተቀበረ የውጭው እድፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በማግሥቱ ውኃ ሲመጣ ከፊት ከፊት የሚመጣው እርሱ ነው። በፈረቃ የሚኖር ከተማ በስንጥቅ ቧንቧ ላይ መቀለድ የማይገባው ለዚህ ነው። የተቅማጥ በሽታ በሚነሣበት በክረምት ወራት ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በበልግና በክረምት ከቧንቧ አጠገብ ሁልጊዜ ረጥቦ የሚቆይ መሬት ያየ ተማሪ «ዝናብ ነው» ብሎ አይለፈው። ዝናብ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላ ካልደረቀ ሌላ ምክንያት አለ።

አብዛኞቻችን ለዕረፍት ወደየቤታችን እንሄዳለንና ስለ ቤተ ሰብ ቤትም እንናገር። በብዙዎቻችን ሠፈር ቤቱ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው። ለዚህ ቤት ከዝናብ ይልቅ የግድግዳው እግር መርጠብ ጠላቱ ነው። ዝናብን ጣሪያውና ክዳኑ ይመልሱታል፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የቆመ የግቢ ቧንቧ ግን ዓመቱን ሙሉ እግሩን ያረጥበዋል። ምርጊቱ ይላላል፥ ቋሚው ከመሬት በታች ይበሰብሳል፥ ምስጥም እርጥበትን ተከትሎ ይመጣል። ግድግዳው ሲያዘም «ቤቱ አርጅቷል» ይባላል እንጂ «ቧንቧው አፍርሶታል» የሚል የለም። ቧንቧውን ከግድግዳው ሁለት ወይም ሦስት ርምጃ ማራቅ፥ ሥሩንም በድንጋይና በሲሚንቶ አስተካክሎ ውኃው ወደ ውጭ እንዲሄድ ቦይ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ብቻ አይመስለንም።

ሮቶ ያለበትም ቤት ጣጣ አለው። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል። ባለ ሁለት ሺሁን ሮቶ በአሮጌ እንጨት ማማ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁለት ሺህ ኪሎ ጭነት ከልጆቹ መተላለፊያ በላይ ሰቀለ ማለት ነው። የማማውን እግር በየክረምቱ መመልከት ይገባል። የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ከተጣበቀ ውኃው ሌሊቱን በሙሉ በጣሪያው ላይ ሲፈስ ያድራል፤ ሰዉም በእንቅልፍ ልቡ ዝናብ እየዘነበ ይመስለዋል። ከሮቶው የሚወርደው የላስቲክ ቧንቧ በፀሐይ ላይ ተጋልጦ ከቆየ ደግሞ እየደረቀ ይሰባበራል፤ የእኛ ሀገር ፀሐይ በደጋው ላይ ብርቱ ነው። አሮጌ ጨርቅ መጠቅለል ወይም ቀለም መቀባት እንኳ ዕድሜውን ያራዝመዋል። የብረቱ ቧንቧ በበኩሉ የሚዝገው ከመጋጠሚያው ነው፤ ጥርስ ሲወጣለት ዝገት የሚከላከለው የዚንክ ልባስ ስለሚፋቅ ነው። በመጋጠሚያው ዙሪያ ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት ካያችሁ፥ ውኃ ባይታይም መፍሰስ ጀምሯል።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ መሆኑን ያውቃሉ። ከላይ ያለው ጎረቤት ገላ መታጠቢያ ያፈሳል፤ ከታች ያለው ኮርኒስ ቡናማ ክብ ያወጣል። ብዙ ጥሩ ጉርብትና በዚህ ክብ ምክንያት ሲበላሽ አይተናል። ከታች ያለው «ሆን ብለው ነው» ይላል፤ ከላይ ያለው «እኔ ወለሌ ደረቅ ነው» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፥ የሚያፈሰው ከሸክላው ሥር ያለው መስመር ነውና። ከመጣላት በፊት ቆጣሪ ማየት ይቀላል።

የቆጣሪው ፈተና እንዲህ ነው። ውኃ ባለበት ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፤ ሮቶ ካለም ወደ እርሱ የሚገባውን ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፥ መጸዳጃ ቤቱንም ሳታፈስሱ እደሩና ጠዋት እንደገና አንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ በቤቱ ወይም በግቢው ውስጥ የሚፈስ ነገር አለ። በብዙ ቆጣሪ ላይ ትንሽ ኮከብ የምትመስል ተሽከርካሪ አለች፤ ሁሉም ተዘግቶ እርሷ ከዞረች ጠዋትንም መጠበቅ አያስፈልግም። የውኃ ዋጋ በአዲስ አበባ ፍጆታው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ እንዲል ተደርጎ የተመደበ ስለሆነ፥ የሚያፈስ ቤት ለፈሰሰው ውኃ በውድ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤተ ሰብ በሚጠቀምበት ግቢማ ወር በመጣ ቍጥር «ማነው እንዲህ የታጠበው?» የሚል ክስ ይነሣል፤ የታጠበም ላይኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቅ ነው፤ ዋናው መዝጊያ የት ነው? ቧንቧ በፈነዳ ጊዜ ባልዲ ፍለጋ የሚሮጠው ብዙ ነው፤ ወደ ቫልቩ የሚሮጠው አንድም አይገኝም። ቫልቩም ቢገኝ ለዓመታት ሳይነካ ስለ ኖረ ዝጎ አይዞርም። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ መዝጋትና መክፈት ይህን ያስቀራል። ውኃ ወደ መብራት ማብሪያ ወይም ወደ ሶኬት ከደረሰ፥ በእርጥብ እጅ ምንም ሳይነኩ፥ ከደረቅ ቦታ ሆኖ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ማጥፋት ከባልዲውም ይቀድማል። ቦይለር ያለበት ቤት ውኃ ሲጠፋ ቦይለሩን ያጥፋ፤ ባዶውን ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ከቦይለሩ ሥር ካለችው ትንሽ ቫልቭ ሲሞቅ ጥቂት ጠብታ ቢወጣ ደግሞ ሥራዋ ነውና ማንም ሰው በእንጨት ወይም በሙጫ እንዳይደፍናት አጥብቀን እናሳስባለን። ያች ቫልቭ ከተደፈነች ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለ ፍሳሽ መስመሩ ብዙ አንልም። የቡና አተላ፥ የእንጀራ ፍርፋሪና የወጥ ዘይት ወደ ዕቃ ማጠቢያው የሚደፋ ሰው መስመሩን በገዛ እጁ እየለሰነ ነው። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፥ አተላው ይጣበቅበታል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። «ይህ የጥገና ክፍል ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አሉ» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ልክ ናቸው። የማደሪያ ቧንቧ መጠገን የተማሪ ግዴታ ነው አላልንም፥ አንልምም። የጥገና ማመልከቻ ከተጻፈ በኋላ ሦስት ፊርማ ፈልጎ ሳምንታት መቆየቱ፥ የጎማ ቀለበቱም በዕቃ ግምጃ ቤት «የለም» እየተባለ በዚያው ወር ሙሉ ቧንቧ ለመለወጥ ገንዘብ መገኘቱ የአስተዳደሩ ጉድለት ነው። ይህንንም በግልጽ መናገር የማኅበራችን ድርሻ ነው። የሚበልጠው ወጪ ሁልጊዜ የተናቀው ጥገና ወጪ ነውና። ነገር ግን ቧንቧውን በኃይል ያጠበቀው፥ ባዶውን ከፍቶ የሄደው፥ የመታጠቢያውን ማፍሰሻ በምግብ ፍርፋሪ የደፈነው የጥገና ክፍል አይደለም። መፍሰሱን አይቶ ለሦስት ሳምንት በአጠገቡ ያለፈውም ተማሪው ነው። ማመልከቻ ያልቀረበበትን ቧንቧ ጥገና ክፍሉ በሕልሙ ሊያየው አይችልም።

ለመምህራኖቻችንም አንዲት አክብሮት የተሞላች ቃል አለችን። በምህንድስና ክፍል የበርኑሊ ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከክፍሉ በር ውጭ ያለው የእጅ መታጠቢያ በዚያው ሰዓት ቀመሩን በተግባር ሲያስረዳ ይውላል። የሃይድሮሊክስ ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር አንድ ሕንፃ ተረክበው ቆጣሪውን እያነበቡ፥ የጠፋውን እየለኩ፥ ጎማውን እየለወጡ ቢማሩ ምን ይከለክላል? ፈተናውም ቀላል ይሆናል፤ ቆጣሪው ራሱ ውጤት ይሰጣል።

በበኩላችን ለአስተዳደሩ ያቀረብነው ጥያቄ ሦስት ነው። በየሕንፃው የዋናው ቫልቭ ቁልፍ በፕሮክተሩ ዘንድና ከየፎቁ በሚመረጡ ሁለት ተማሪዎች ዘንድ ይኑር፤ የጎማ ቀለበት፥ ቴፍሎንና ሁለት የቧንቧ ቁልፍ የያዘ አንድ ሳጥን በየማደሪያው ይቀመጥ፤ ጥገና ክፍሉም በቀረበለት ማመልከቻ ላይ የተቀበለበትንና የጠገነበትን ቀን ይጻፍበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ተፈቅዷል፤ ሁለተኛው «እየታየ ነው» ተብሏል፤ ለሦስተኛው መልስ አልተሰጠንም። መልሱ እስኪመጣ ማኅበሩ የራሱን መዝገብ ከፍቷል። የሕንፃው፥ የፎቁና የቧንቧው ቦታ፥ መፍሰሱ የታየበት ቀንና የተጠገነበት ቀን ይጻፍበታል፤ በየወሩ መጨረሻም ሳይጠገኑ የቀሩት በዚህ ጋዜጣ በተራ ቁጥር ይወጣሉ። መዝገቡ ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተሰቅሏል። እርሳሱ በገመድ ታስሯልና እባካችሁ አትውሰዱት።